የፊቱ አዲስ፣ የኋላው መላጣ፦ ከኮሶዬ በታች የዞረው ሚኒባስ

በሐምሌ መጨረሻ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እየጣለ፣ ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚመለስ አንድ ቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ ኮሶዬን አልፎ ወደ ወለቃ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ኋላው ከዳው። የመኪናው ጀርባ ወደ ግራ ተወርውሮ ተቃራኒውን መስመር ዘጋ፤ አፍንጫው ደግሞ በቀኝ በኩል ካለው ተራራ ሥር ዲች ውስጥ ገብቶ ቆመ። አንድ ተሳፋሪ ክንዱ ተሰበረ፣ የተቀሩት በመቧጨርና በመጋጨት ተረፉ። በግራ በኩል ያለው ገደል ነው። በዚያች ቅጽበት ከታች የሚወጣ አይሱዙ ወይም ሲኖትራክ ቢኖር ኖሮ የጉዳዩ መዝገብ ሌላ ይሆን ነበር።

ባለንብረቱም ሾፌሩም «ጥፋቱ የጎማ ነው» ሲባሉ መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። ክርክራቸው ባዶ አልነበረም፤ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አስበው፣ ሁለት አዳዲስ ጎማ ገዝተዋል። መኪናው ዓመታዊ ምርመራውን አልፎ ቦሎ ለጥፏል። ከአደጋው በኋላ ዲች ውስጥ ቆሞ ሲታይም ከፊት ያሉት ጎማዎች ጥርሳቸው ገና ሙሉ ነው፤ የኋላዎቹም ቆሞ ለሚያይ ሰው «ትንሽ ይቀራቸዋል» የሚያሰኙ ናቸው። ጉዳዩን ለመማሪያነት የሚያበቃውም ይህ ነው። በዚህ መኪና ላይ ማንም ሆን ብሎ መላጣ ጎማ አልነዳም። ገንዘብ ወጥቷል፣ ጥንቃቄም ታስቧል፤ ነገር ግን አዲሱ ጎማ የገባው በማይገባው እግር ላይ ነው። አሮጌው ደግሞ ያለቀው ዓይን በማያርፍበት በኩል ነበር።

መኪናውና ሥራው

ሃይሱ ናፍጣ ነው፣ ኃይሉ ወደ ኋላ እግር ይሄዳል። የኋላው ድፍን አክስል በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ይህን ነጥብ ያዙት፣ ኋላ ይፈለጋል። ጎማው መጠኑ 195 አር 15 ሲ፣ የጥንካሬ ደረጃው 8 ፒ አር፣ የጭነት ቁጥሩ 106/104 ነው። 106 ማለት ጎማው ነጠላ ሆኖ ሲገጠም እስከ 950 ኪሎ፣ 104 ማለት ደግሞ ጥንድ ሆኖ ሲገጠም እያንዳንዱ እስከ 900 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ግን ይህ የሚሆነው ጎኑ ላይ የተጻፈውን ሙሉ ንፋስ፣ 65 ፒ ኤስ አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው)፣ ከያዘ ብቻ ነው።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ጊዜ ደርሶ ሲመለስ 200፣ በወር 25 ቀን ከሠራ 5,000 ኪሎ ሜትር ይሞላል። የዚህ ዓይነት ጎማ ሲገዛ ጥርሱ ከ8 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል። ዳገት ቁልቁለት በበዛበት፣ ጭነት በማይለየው መስመር ላይ ከ7,000 እስከ 8,000 ኪሎ ሜትር በሄደ ቁጥር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይበላል ብሎ ማሰብ ለግምት ይበቃል። እንግዲህ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ምርመራ ለዚህ ዓይነት መኪና ምን ዋስትና ይሰጣል? በምርመራው ዕለት 3 ሚሊ ሜትር የነበረው ጎማ ሁለት ወር ተኩል ሳይሞላው ከመጨረሻው ልክ፣ ከ1.6 ሚሊ ሜትር፣ በታች ይወርዳል፣ ቦሎው ግን መስታወቱ ላይ እስከ ዓመት ይቆያል። ምርመራው ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ የሚናገረው ስለዚያች ቀን ብቻ ነው።

በመንገዱ ላይ የተገኘው

እርጥብ አስፋልት የጎማ ጥቁር ምልክት አይዝም። ስለዚህ ፍጥነቱን ከፍሬን ምልክት ማስላት አልተቻለም። የቀረው ማስረጃ የኩርባው ቅርጽ፣ የመኪናው አቋቋም፣ የማርሹ ቦታና የሾፌሩ ቃል ነው።

የኩርባውን ጥበት ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። የ20 ሜትር ገመድ በአስፋልቱ የውስጥ ጠርዝ ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ ተወጠረ፤ ከገመዱ መሐል እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት 84 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የገመዱ ርዝመት በራሱ ተባዝቶ 400፣ ለ8 ጊዜ 0.84 ሲካፈል 59.5፣ ላዩ ላይ የ84 ሳንቲ ሜትሩ ግማሽ ሲጨመር 60 ሜትር ገደማ ራዲየስ ይወጣል። ቁልቁለቱ ወደ 7 በመቶ ነው፤ ማለትም በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ይወርዳል።

ማርሹ ሁለተኛ ላይ ተገኘ። ሾፌሩ እንደተናገረው ወደ ኩርባው ሲገባ 50 ገደማ ይሄድ ነበር፤ ፍሬን እንዳይግል ብሎ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ቀነሰ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፣ ወዲያው ጀርባው ሄደ። መሪው ግን እስከ መጨረሻው ይታዘዘው ነበር። ይህ የመጨረሻው ቃል ከሁሉም በላይ ጠቃሚ ነው፤ ፊቱ ሳይንሸራተት ኋላው ብቻ እንደተነቀለ ያሳያልና። ከተሳፋሪዎች ውስጥ «ከ50 በላይ ነበር» ያሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ሆኖም 50ም ቢሆን እንደሚበቃ ከታች ያለው ስሌት ያሳያል።

ዝናቡ ከጀመረ ብዙ አልቆየም ነበር። በወገራ በኩል ከእርሻና ከከብት መንጋ አስፋልት ላይ የሚቀረው ጭቃና እበት፣ ከመኪና የሚንጠባጠበው ናፍጣና ዘይት፣ ዝናቡ ሲጀምር ተቦክቶ ቀጭን ልስን ይሆናል። ብዙ ከዘነበ ታጥቦ ይሄዳል፤ ክፉው የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ነው።

ጎማዎቹ ሲለኩ

ጥልቀቱ የተለካው በካሊፐር ጅራት ነው፤ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በውጭው ጠርዝ፣ በመሐልና በውስጠኛው ጠርዝ ባሉት ቦዮች፣ ጎማው እየተዞረ በአራት ቦታ። አማካዩ እንዲህ ሆነ።

የኋላዎቹ፦ በውጭው በኩል 2.6፣ መሐል ላይ 1.4፣ በውስጠኛው በኩል 0.3 ሚሊ ሜትር። ግራና ቀኙ ከዚህ ብዙም አይለያዩም።

የፊቶቹ፣ የሁለት ወሮቹ አዲሶች፦ በውጭው በኩል 7.4፣ መሐል ላይ 7.2፣ በውስጠኛው 6.1።

ጎማ ከሚለብስበት አኳኋን ብዙ ታሪክ ይነበባል። ንፋስ የበዛበት መሐሉ ቀድሞ ያልቃል፤ ንፋስ ያነሰው ሁለት ጠርዞቹ። አሞርዛተሩ የሞተበት መኪና ጎማው ላይ ጉብታና ስርጉድ እያፈራረቀ ይበላል። አንድ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ግን እግሩ ቀጥ ብሎ አይሄድም ማለት ነው። እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳል፦ የኋላው አክስል ድፍን ነው፣ ግራና ቀኙን እግር የሚያጣምም መጋጠሚያ የለውም፤ ታዲያ ውስጠኛው ጠርዝ እንዴት ብቻውን መላጣ ሆነ?

መልሱ የጎማዎቹ የቀድሞ ኑሮ ነው። እነዚህ ጎማዎች እስከ ግንቦት ድረስ ከፊት ነበሩ። ያኔ የፊት እግሩ ተበላሽቶ ውስጣቸውን በላው። ግንቦት ላይ አራቱም ሲታዩ የኋላዎቹ መሐላቸው ለሽቆ ስለነበር ተጣሉ፤ የፊቶቹ በውጭው በኩል 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስለቀራቸው «ገና ናቸው» ተብለው ወደ ኋላ ተዛወሩ፤ አዲሶቹም ከፊት ገቡ። ማንም መኪናው ሥር ተኝቶ የውስጡን ጠርዝ አላየም። በሁለት ወር ውስጥ በሄዱት 10,000 ኪሎ ሜትር ደግሞ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ተጨምሮ ተበላ።

የፊት እግሩ መበላሸት ግምት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ሁለቱ የፊት ጎማዎች መሐል መስመራቸው በጠመኔ ተሰምሮ፣ በአክስሉ ከፍታ ላይ በመካከላቸው ያለው ርቀት አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ በኩል ተለካ። የፊቱ በ9 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ማለትም ሁለቱ ጎማዎች ወደ ፊት እየሄዱ ወደ ውጭ ይመለከታሉ። ሲሰላ እያንዳንዱ ጎማ 1 ኪሎ ሜትር በተንከባለለ ቁጥር 6.5 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይጎተታል። በወር 5,000 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ይህ 32 ኪሎ ሜትር ጎማን አስፋልት ላይ በጎኑ እንደ መጎተት ነው። ምክንያቱ የላላ የመሪ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ መጋጠሚያ) እና የተበላ ጎሚኒ (የመጋጠሚያ ላስቲክ) ሆኖ ተገኘ። በአዲሶቹ የፊት ጎማዎች ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የታየው የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ያው በሽታ ገና ሲጀምር ነው። ኮንቨርጀንስ፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹን አቅጣጫ፣ ሳያስተካክሉ አዲስ ጎማ መግጠም አዲሱንም ለዚያው በሽታ መስጠት ነው።

ለምን ኋላው ብቻ?

መኪና ኩርባ ሲዞር ወደ ውጭ የሚገፋውን ኃይል ጎማው በሰበቃ ይመክታል። በ60 ሜትር ራዲየስ፣ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚያስፈልገው የሰበቃ መጠን 0.33 ነው፤ የመኪናው ክብደት አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። መንገዱ ወደ ውስጥ ማዘንበሉ ትንሽ ያግዛል፣ ግን ትንሽ ነው። ከፊት ያሉት ጎማዎች ከዚህ በላይ የተጠየቁት ነገር የለም።

የኋላዎቹ ግን ሁለት ሥራ ነበራቸው። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ በሞተር ሲይዝ መኪናውን ወደ ኋላ የሚይዘው የኋላ እግር ብቻ ነው። 7 በመቶ ቁልቁለት ላይ ፍጥነትን ባለበት ለማቆየት ብቻ የኋላው ጎማ ተጨማሪ 0.13 ያህል ይጠየቃል፤ ፍሪሲዮኑ ድንገት ሲለቀቅ ደግሞ ለአፍታ ከዚህ በላይ። ወደ ጎን የሚመክተውና ወደ ኋላ የሚይዘው እርስ በርስ ቀጥተኛ ማዕዘን ስለሚሠሩ እንደ ተራ ቁጥር አይደመሩም፤ ሲጣመሩ ወደ 0.4 ይጠጋል።

ጥርሱ ያለ ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ 0.5 እና ከዚያ በላይ ይይዛል። በቀጭን የጭቃና የዘይት ልስን ላይ የቆመ መላጣ ጎማ ግን ከ0.2 እስከ 0.3 ድረስ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ፊቱ ተረፈው፤ ኋላው አጣ። ሾፌሩ በ35 ኪሎ ሜትር ቢገባ ኖሮ ወደ ጎን የሚያስፈልገው 0.16 ብቻ ይሆን ነበር፤ ከሞተሩ ጋር ተጣምሮ ወደ 0.2፣ ለጥቂትም ቢሆን ያልፍ ነበር። ያም ሆኖ ጥፋቱን ሁሉ በፍጥነት ላይ መጫን ልክ አይመስለንም፤ ያው ሾፌር ያንኑ ኩርባ በዚያው ፍጥነት ጥርስ ባለው የኋላ ጎማ ቢዞረው ይወጣው ነበር።

«ውሃ ላይ ተንሳፈፈ» ያሉም ነበሩ። አይደለም። ጎማ ሙሉ በሙሉ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍበትን ፍጥነት የናሳ ተመራማሪዎች በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጡት ቀመር ማስላት ይቻላል፤ ፍጥነቱ ከንፋሱ መጠን ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ይጨምራል። 38 ፒ ኤስ አይ ለያዘ ጎማ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይወጣል። እዚህ የሆነው ሌላ ነው፤ ውሃው ስስ ነበር፣ ጎማው ግን ያንን ስስ ሽፋን ቆርጦ አስፋልቱን የሚነካበት የጥርስ ጠርዝ አልነበረውም። ልዩነቱ ለሾፌር ትርጉም አለው፦ የሚያስፈራው ኩሬ ብቻ አይደለም፤ ላዩ ገና የረጠበ መንገድም ነው።

አዲሱ ከፊት የሚለው ልማድ

ሁለት ጎማ ብቻ ሲገዛ ከፊት መግጠም በጎሚስታ ቤት ሁሉ የተለመደ ነው። ምክንያቱም ይሰማል፦ መሪ ያለው ከፊት ነው፣ ፊት ከፈነዳ መኪናው ይጎትታል፣ ፍሬኑም ይበልጥ የሚሠራው ፊት ነው። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ የጎማ አምራቾች ምክር ግን ተቃራኒ ነው፤ አዲሱ ሁለት ወደ ኋላ ይግባ ይላሉ።

ፊት ሲከዳ መኪናው መሪ እያዞሩት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሾፌሩ ወዲያው ይሰማዋል፣ በደመ ነፍስ ነዳጅ ይለቃል፣ ክብደት ወደ ፊት ይመጣል፣ ጎማው ብዙ ጊዜ መልሶ ይይዛል። ኋላ ሲከዳ ግን ማስጠንቀቂያ የለም። መኪናው ይዞራል፤ ነዳጅ መልቀቅና ፍሬን መርገጥ ደግሞ ክብደትን ከኋላ ላይ አንስቶ ነገሩን ያብሳል። ለማዳን መሪን ወደ ተንሸራተተበት አቅጣጫ ቶሎ አዙሮ ቶሎ መመለስ ያስፈልጋል፤ ይህንን በ17 ሰው ጭነት፣ በጠባብ መንገድ ላይ፣ ሳይለማመድ የሚያደርግ ጥቂት ነው። መመለሱ ከዘገየ ጀርባው በተቃራኒው ተወርውሮ አፍንጫው ወደ ግራ ይዞራል፤ በዚህ ቦታ ደግሞ ግራው ገደል ነው። ሃይስ ቁመቱ ረጅም ስለሆነ በጎኑ ሲንሸራተት ዲች ጠርዝ ወይም ድንጋይ ካገኘው ይገለበጣል።

ሌላም ስውር ነገር አለ። አዲስ የፊት ጎማ መሪውን ያጠብቃል፣ ያሳምናል። ሾፌር መንገዱን የሚያውቀው በእጁ ነው፤ እጁ የሚነግረው ስለ ፊቱ ብቻ ነው። ስለ ኋላው የሚነግረው የለም።

መኪናው የፊት ተነጂ፣ ኃይሉ ወደ ፊት እግር የሚሄድ፣ ቢሆንስ? ምክሩ ያው ነው። ያላለቀው ሁለት ወደ ኋላ ይሄዳል።

በበጋው ለምን አልታወቀም

ይህ ጎማ ሚያዝያ ላይም ጥሩ አልነበረም፣ ግን ያሽከረክር ነበር። በደረቅ አስፋልት ላይ መላጣ ጎማ አይንሸራተትም፤ እንዲያውም መሬት የሚነካው ጎማ ስለሚሰፋ ደህና ይይዛል፣ የእሽቅድምድም መኪኖች በደረቅ ቀን ጥርስ የሌለው ጎማ የሚገጥሙት ለዚሁ ነው። ጥርስ የተፈጠረው ለውሃ ነው። ጎንደር ላይ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ደረቅ ጊዜ ያለቀ ጎማን ይሸፍናል፤ ሾፌሩ በየቀኑ ያንኑ ኩርባ ያንኑ ፍጥነት ይዞ ያልፋል፣ ልምዱም «ይይዛል» ይለዋል። ሰኔ ሲገባ ልምዱ አልተለወጠም፤ መንገዱ ግን ተለወጠ። ስለዚህ ጎማ መቀየሪያው ጊዜ ግንቦት ነው መባሉ ትክክል ነበር። ስህተቱ ሁለቱ ብቻ መቀየራቸውና የገቡበት ቦታ ነው።

በደረቅ ወቅት የመላጣ ጎማ ችግር ሌላ ነው። ሚስማርና ስለታም ጠጠር ሽቦው ጋ ለመድረስ የሚያልፉት የጎማ ውፍረት ስለሚቀንስ ቶሎ ይበሳል። ሽቦው አንዴ ውሃ ከነካው ይዝጋል፤ ላዩ መላጣ፣ ውስጡ ዝገት የያዘ ጎማ አንድ ቀን ቆዳው ተገፎ ይወጣል።

ንፋሱ

በማግሥቱ ጠዋት፣ ጎማዎቹ ቀዝቅዘው ሲለኩ፣ የኋላው ግራ 38፣ ቀኙ 49 ፒ ኤስ አይ ሆነ። ሁለቱም አይበቁም። የኋላው አክስል በዚያ ቀን የተሸከመው ወደ 1,700 ኪሎ ይገመታል፦ ከተፈቀደው በላይ ሦስት ሰው ነበረ፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ከዳባት የተጫነ ሦስት ኩንታል ድንች። ለአንድ ጎማ 850 ኪሎ ማለት ነው። 65 ፒ ኤስ አይ ቢይዝ 950 የሚችለው ጎማ በ38 ከ650 በታች ነው የሚችለው። ጎኑ ይታጠፋል፣ ይግላል፣ ኩርባ ላይ ቸርኬው በጎማው ላይ ወደ ጎን ይዋልላል። ግራና ቀኙ በ11 ፒ ኤስ አይ መለያየታቸው ደግሞ ጀርባው እንዲወላገድ ያግዛል።

ረዳቱ በየጠዋቱ ጎማውን በዱላ እየመታ በድምፁ ይለየው ነበር። ዱላ የሞላውን ከባዶው ይለያል፤ 38ን ከ60 አይለይም። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ነው።

ከዚህ መስመር ወጣ ብለን ወደ መተማ ለሚወርዱት አንድ ነገር እንጨምር። ጎንደር ጠዋት በ20 ዲግሪ 60 ፒ ኤስ አይ የተሞላ ጎማ ቆላ ወርዶ በ40 ዲግሪ ሲቆም፣ ሙቀቱ ወደ 5 ይጨምርበታል፤ ከፍታው መቀነሱ ደግሞ በጌጁ ላይ ወደ 2 ይቀንሳል። የሚታየው ጭማሪ 3 ብቻ ነው፣ ከሩጫ የሚመጣው ሙቀት ላዩ ላይ ይታከላል። ጎማው ይህን ታስቦ የተሠራ ነው። «ሞቋል» ብሎ ቆላ ላይ ማስተንፈስ ማታ ወደ አይከልና ጎንደር ሲወጣ ባዶ ጎማ ያስጭናል።

የተደረገው

መጀመሪያ የፊት እግሩ ተሠራ፤ ቴስቲናዎቹና ጎሚኒዎቹ ተቀየሩ፣ ኮንቨርጀንሱ በመሣሪያ ተስተካከለ። ጎማ ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ አይገባም።

ሁለት አዲስ ጎማ ተገዝቶ ወደ ኋላ ገባ። ከፊት እግር ላይ ያሉት ሁለቱ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ስለቀራቸው እዚያው ቀሩ፤ ውስጣቸው እየተበላ ስለነበር ግን ከቸርኬው ወጥተው ተገልብጠው ተገጠሙ፤ የውስጡ ወደ ውጭ መጣ። ይህ የሚቻለው የመዞሪያ አቅጣጫ ቀስት ወይም «ውጭ» የሚል ጽሑፍ ለሌላቸው ጎማዎች ብቻ ነው። ቫልቮዎቹ ተቀየሩ፣ ባላንስ ተሠራ። ስድስቱ ዳዶዎች በመስቀለኛ ተራ ጠበቁ እንጂ በዙሪያ አልጠበቁም፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ እንደገና ተጠበቁ። አዲስ ጎማ ላዩ ላይ የፋብሪካ ቅባት ስላለው የመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ ተነዳ።

ባለንብረቱ በመካከል አንድ ርካሽ ሐሳብ አምጥቶ ነበር፦ አሮጌዎቹን በጋለ ቢላ ቦይ ማስወጣት። ተከለከለ። እንዲህ ሊቆረጥ የሚችለው ከሽቦው በላይ ተጨማሪ ጎማ ታስቦ የተሠራለትና ጎኑ ላይ «ሪግሩቨብል» የሚል የተጻፈበት የከባድ መኪና ጎማ ነው። የሚኒባስ ጎማ ላይ ቢላው የሚገባው የሽቦው ሽፋን ውስጥ ነው፤ ከላይ ጥርስ ያለው ይመስላል፣ ከታች ሊፈነዳ የተዘጋጀ ነው። ያገለገለ ጎማ ስትገዙ የቦዩን ግርጌ እዩ፦ ቦዩን አቋርጠው የሚያልፉት ጉብታዎች፣ ጎኑ ላይ «ቲ ደብሊው አይ» ወይም ትንሽ ሦስት ማዕዘን የሚያመለክታቸው፣ ከሌሉ ወይም ተቆርጠው ከሆነ ቢላ አልፎበታል።

ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ሲወርድ ጥርሱ ሙሉ ነበር፤ ጎኑ ግን እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። የዕድሜው ቁጥር ከአሥር ዓመት በላይ መሆኑን አሳየ። ቁጥሩ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ናቸው፤ 3419 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ34ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፣ በእኛ ነሐሴ 2011። ቁጥሩ የሚጻፈው በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ በውስጠኛው በኩል ሊሆን ይችላል። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ ጎማ ጥርሱ ቢሞላም ከመንገድ ይወጣል፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ በየጊዜው ይታያል። ይህኛው ተጣለ።

ከዚያ በኋላ የተያዘው አሠራር

ካሊፐር የሌለው የክብሪት እንጨት ይበቃዋል። እንጨቱ ቦዩ ውስጥ ይቆማል፣ ከጥርሱ አናት ጋር እኩል በሆነበት በጥፍር ይያዛል፣ ወጥቶ በማስመሪያ ይለካል። ከውጭ፣ ከመሐል፣ ከውስጥ፤ ትንሹ ቁጥር ነው የጎማው ቁጥር። አማካይ መውሰድ ራስን ማታለል ነው፤ በዚህ ጉዳይ አማካዩ 1.4 ነበር፣ የሸሸው ግን 0.3ቱ ነው። የውስጡን ለማግኘት የፊቱን መሪ ሙሉ አዙሮ ማየት ይቻላል፤ ለኋላው መተኛት ግድ ነው፣ ወይም ስልክን ከጎማው ጀርባ አስገብቶ ፎቶ ማንሳት።

1.6 ሚሊ ሜትር በብዙ አገሮች ሕግ የመጨረሻ ልክ ነው፤ ጉብታዎቹም የሚሠሩት በዚያው ከፍታ ነው። ክረምት ለሚሠራ ሚኒባስ ግን ያ ልክ ዘግይቷል። ለደባርቅ መስመር ግንቦት ላይ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጎማ ክረምቱን አይወጣም፤ በስሌቱ እስከ መስከረም 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ይበላል።

በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ የፊትና የኋላው ይቀያየራል፤ በዚህ መስመር በየሁለት ወሩ። የሚቀያየረው ግን ልዩነታቸው ከ2 ሚሊ ሜትር ካላለፈ ነው። ካለፈ ወፍራሙ ወደ ኋላ ሄዶ እዚያው ይቆያል። ንፋስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ሳይንቀሳቀስ፣ በጌጅ ይለካል፤ መናኸሪያ ውስጥ ባለው ኮምፕረሰር ጌጅ ላይ ብቻ ከመተማመን የራስን ይዞ መሄድ ይሻላል፣ ሁለት ጌጆች ሲለያዩ ማየት ብርቅ አይደለም።

ሁለት ብቻ ለመግዛት የተገደደስ? በግንቦቱ ሁኔታ፣ አራቱም ባለቁበት፣ ሁለት ጎማ በቂ አልነበረም፤ ይህን ቁልጭ አድርጎ መናገር ይገባል። ሁለቱ ወደ ኋላ ገብተው ውስጣቸው ያለቀው ከፊት ቢቀሩ መኪናው ኩርባ ላይ ፊቱ ይከዳ ነበር፤ ከመዞር ይሻላል፣ ግን አደጋ ነው። ያኔ የሚቻለው ኮንቨርጀንሱን አስተካክሎ፣ ጣሪያ ላይ ጭነት ትቶ፣ ዝናብ ሲጀምር ከ35 ሳያልፉ ሁለቱን ቀሪ ጎማዎች እስኪገዙ መቆየት ነበር። የዚያ ወር ገቢ ይቀንሳል። አደጋው በኋላ ያስከተለው ወጪ፣ የፊት አካሉ፣ ራዲያተሩ፣ የቆመበት ሦስት ሳምንትና የተጎጂው ሕክምና፣ ከሁለት ጎማ ዋጋ ብዙ እጥፍ ሆኗል።

የወጡት ሁለት የኋላ ጎማዎችና ስኮርታው ከጎሚስታው ከመውጣታቸው በፊት ጎናቸው በመጋዝ ተቆረጠ። ሳይቆረጥ የተጣለ ጎማ ተጠርጎ፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ በሌላ መኪና ሥር መልሶ ይታያል።